ከዳኛቸው የተዋስኩት አመል

ሰው በምን አይቀናም! በጎረቤቱ መኪና የሚቀና አለ፣ በጓደኛው ደሞዝ የሚቀና አለ፣ በሰው ፀጉር ሲቀና የሚውል ራሰ በራም አውቃለሁ። እኔ ግን የቀናሁት በፋይል ነው። ያውም በማይታይ ፋይል። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ሚስቴ ስንዱም ስነግራት እንደዚሁ ነው የሳቀችው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። ኮምፒዩተር ሁሉ አመል አለው። ፊደሉ ምን ያህል ይትለቅ፣ ይሄን ቁልፍ ስጫን ምን ያድርግ፣ ያንን ረጅም ትዕዛዝ በየትኛው አጭር ቃል ልጥራው፣ ይሄ ሁሉ በትንንሽ ፋይሎች ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል። የፋይሎቹ ስም በነጥብ ስለሚጀምር ከዓይን የተሰወሩ ናቸው። ኩሽና በሉት። ጨው እዚህ፣ በርበሬ እዚያ፣ ቢላዋ በስተቀኝ። በራስህ ኩሽና ዓይንህን ጨፍነህ ወጥ ትሠራለህ፤ የሰው ኩሽና ስትገባ ግን ጨው ፍለጋ ስትንከራተት ሽንኩርቱ ያርርብሃል። እኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የዕድሜያችንን እኩሌታ የምንጨርሰው ጨውና በርበሬ ቦታ ስናስይዝ ነው።

እኔ ደግሞ ሦስት ኩሽና አለኝ። አንዱ መሥሪያ ቤት፣ አንዱ ቤቴ ሳሎን ጥግ ላይ፣ አንዱ ልጆቹ ጭማቂ ያፈሰሱበት፣ አልሞት ያለ አሮጌ ላፕቶፕ። በአንዱ የለመድኩት በሌላው አይሠራም። ቤት «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ መሥሪያ ቤት «ዝጋ» ነው። የግማሽ ቀን ሥራ አስቀመጥኩ ብዬ ዘግቼ፣ ባዶ መስኮት ላይ አፍጥጬ የቀረሁበትን ጊዜ እኔ ነኝ የማውቀው። ቢሆንም እየተሳደብን፣ እየታረቅን እንኖር ነበር፤ ዳኛቸው እስኪመጣ ድረስ።

ዳኛቸው የአጎቴ ልጅ ነው። እናቴ ለአባቱ ታላቅ እህት ናት። እኔና እሱ ጎንደር ውስጥ በአንድ ክረምት ተወለድን፣ በአንድ አውሮፕላን እስራኤል መጣን፣ እዚህ ፔታ ቲክቫም አንድ ክፍል ተቀምጠን ተማርን። ከዚያ ወዲህ ግን እሱ ምንጊዜም ከኔ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። እኔ አሚሻቭ ሰፈር አራተኛ ፎቅ በእግሬ እያለከለክሁ ስወጣ፣ እሱ ሃዳር ጋኒም ሰፈር ሊፍት ያለው ቤት ገዛ። ሊፍቱ ይናገራል፤ በሴት ድምፅ «ፎቅ ስድስት» ይለዋል፣ በአክብሮት። እኔ ተራ ፕሮግራም ጸሐፊ ሆኜ ስቀር እሱ ቴል አቪቭ ውስጥ ሮሽ ጼቬት ሆነ፣ የቡድን አለቃ። ዳኛቸው ማለት ላቃታቸው እስራኤላውያን ስሙ ዳኒ ነው። የኔን ስም ለማሳጠር እንኳ የደከመ ሰው የለም።

እናቴ ደግሞ ወሬ ስትጀምር «ዳኛቸው እንኳ» ብላ ነው። ዳኛቸው እንኳ በየቀኑ ይደውልልኛል። ዳኛቸው እንኳ ያን ሁሉ ሥራ ይዞ አልከሳም። ሲያስለኝ እንኳ «ዳኛቸው እንኳ ዘንድሮ አላሳለውም» ብላኛለች። ልጇን አትወድም አልልም፤ ትወደኛለች፣ ብቻ ከሱ ቀጥሎ ይመስለኛል።

እንግዲህ ዳኛቸው አዲሱን ቤት ሊያስመርቅ፣ ሐኑካት ባይት ብሎ ዘመድ ጠራ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ሽማግሌ መረቀ፣ እኔም ሊፍቱን ላለማድነቅ ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። በዚያው ቀን መሥሪያ ቤቱ አዲስ ላፕቶፕ ልኮለት ኖሮ ካርቶኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እናቴ አየችውና «እስቲ ክፈተው፣ ምን ያለ ነው?» አለችው።

ከፈተው። አንዲት መስመር ጻፈ። ከዚያ እጁን አጣምሮ ቢራውን አነሣ። ልብ በሉ፣ ላፕቶፑን አልነካውም! ጽሑፉ በራሱ ይንቆረቆራል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ፊደሉ ይተልቃል። ቢራው ሳያልቅ ኮምፒዩተሩ ዕድሜ ልኩን የዳኛቸው የነበረ መሰለ።

«አለቀ?» አለች ስንዱ።

«አለቀ» አላት። «ማስተካከያዎቼ ሁሉ በጊት አንድ ቦታ ተቀምጠዋል። ጊት ማለት ማን እንደነካው፣ መቼ እንደነካው፣ ለምን እንደነካው የሚያስታውስ ፕሮግራም ነው። እዚህ አንድ ነገር ባሻሽል ሌላው ኮምፒዩተሬም ይደርሰዋል።»

«እሰይ የወንድሜ ልጅ!» አለች እናቴ። «እጁ ይባረክ! የኔው ልጅ አዲስ ኮምፒዩተር ያመጣ እንደሆነ ሳምንት ሙሉ ሲሳደብ ነው የሚከርም።»

ቀናሁ። ምን ይደበቃል? ሊፍቱስ ይሁን፣ ደሞዙም ይሁን፤ በሙያዬ፣ በገዛ ሙያዬ፣ እናቴና ሚስቴ ፊት!

ዳኛቸው ደግሞ ይባስ ብሎ ደግ ነው። ወደ ጓዳ ሳብ አድርጎኝ «የኔን ውሰደው እኮ፤ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። ብቻ ውስጡን እይና ያንተን...» ብሎ ሲጀምር «በሰደር፣ በሰደር፣ እሺ» ብዬ አቋረጥኩት። እኔ የዳኛቸውን ማስተካከያ ተሸክሜ ልሄድ? ለእናቴ አፍ? እኔው በእጄ ከሱ የተሻለ ላልሠራ ነው!

በነጋታው ከሥራ እንደገባሁ ጀመርኩ። ለጊት የምፈልገውን ፋይል እየመረጥኩ ማስረከብ ሲገባኝ፣ በችኮላዬ ቤቱን ከነጓዙ አስረከብኩት። የልጆቹ ፎቶ፣ የሠርጋችን ቪዲዮ፣ የእናቴ የራጅ ውጤት፣ ሁሉም እየተግተለተለ ወደ ኢንተርኔቱ ሰማይ መጫን ጀመረ። የቤታችን ኢንተርኔት ተንፈራግጦ ቆመ። ስንዱ በዚያ ሰዓት በኮምፒዩተር የነርስነት ትምህርቷን እየተከታተለች ነበር፤ የአስተማሪዋ ፊት አፉ እንደተከፈተ ደርቆ ቀረ።

«አንተ፣ ምን ነካካህ?» አለች።

«ምንም። እያደራጀሁ ነው።»

«ምኑን?»

«ሕይወቴን» አልኳት። እንደ እብድ አየችኝ።

ይሄን አስተካከልኩና ወደ ሁለተኛው ብልሃት ገባሁ። ብልሃቱ እንዲህ ነው፦ ዋናው ፋይል አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ በየኮምፒዩተሩ ዋናው ያለበትን የሚጠቁም ምልክት ብቻ ይቀራል። እኔ ግን ወደ ጠቋሚው የሚጠቁም ጠቋሚ ሠራሁ። አንዱን ሲጠይቁት «እሱን ጠይቁ» ይላል፤ እሱ ሲጠየቅ «ያኛውን ጠይቁ» ይላል፤ ማኅተም ፍለጋ ከመስኮት መስኮት እንደሚያመላልሱን ማለት ነው። ተናደድኩና እንደ አዲስ ልጀምር ብዬ ሁሉንም ጠረግሁት። ዋናውም አብሮ ተጠረገ። ይሄን ጥበብ ደግሞ የቤቱ ኮምፒዩተር ሳይበቃኝ የመሥሪያ ቤቱንም ላፕቶፕ ቤት አምጥቼ ሠርቼበታለሁ፤ የተሟላ ሰው ነኛ!

በማግሥቱ አውቶቡስና ባቡር ቀይሬ መሥሪያ ቤት ደርሼ ላፕቶፔን ስከፍት ዛሬ የተወለደ ሕፃን ሆኗል። አንድም የለመድኩት ትዕዛዝ አይሰማም። ይሄኔ ነው አለቃችን ሮኒት መሐላችን ቆማ «ስሙኝማ» ያለችው። «አዲስ ሮሽ ጼቬት ልንመርጥ ነው። ከእናንተ ውስጥ ወይም ከሀይፋው ቢሮ ሰዎች። እስከ ወሩ መጨረሻ የሁሉንም ሥራ አያለሁ።»

ሮሽ ጼቬት! እንደ ዳኛቸው! ልቤ ዘለለች። «ልጄ እንኳ አለቃ ሆነ» ስትል እናቴን በሐሳቤ ሰማኋት፤ አንዴ ብቻ፣ አንዲት ሰንበት ብቻ ብትልልኝ ሊፍቱን ሁሉ ይቅር እለው ነበር። ወደ ኮምፒዩተሬ ስዞር ግን ጨው የለ፣ በርበሬ የለ፣ ባዶ ኩሽና። ወሩ ደግሞ ይሮጣል። ምን ልበላችሁ፣ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ የዳኛቸውን ማስተካከያ በድብቅ ወሰድኩት። አንዲት መስመር ነው የጻፍኩት። አለቀ።

ውስጡን እይ አላለህም ወይ ትሉ ይሆናል። ብሎኛል። ግን በኛ ወግ ዘመድ የሰጠህን ነገር ገልጠህ አትመረምርም። አጎቴ በበዓል ዳቦ በጨርቅ ሸፍነው የላኩ እንደሆነ እናቴ ጨርቁን ሳትነካ ተቀብላ፣ መርቃ፣ ታስቀምጠዋለች። የላኩት ሰው ሳይወጣ ጨርቁን ቀና ያደረገ ልጅ ጆሮውን ይቆነጠጣል፤ የተቆነጠጠው ጆሮ የኔ ነበርና በደንብ አውቃለሁ። እኔም የዳኛቸውን ጨርቅ አልገለጥሁም። እውነቱን ልናገር ካልን ደግሞ፣ ገልጬ ባየው የባሰ እቀናለሁ ብዬ ፈርቼ ነው።

ጉድ ነው የሠራልኝ! ጣቴ ቁልፍ ሳይነካ ነገሩ ያልቃል። የኛ መሥሪያ ቤት የጭነት መኪና መንገድ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው የሚሠራ፤ አንድ መኪና አንድን አድራሻ ደጋግሞ የሚጎበኝበት፣ ሁላችንንም ያስመረረ ስህተት ነበረው። እሱን ፈታሁት። ሌላ ፈታሁ፤ ሌላም። እንደዚያ ሰሞን ሠርቼ አላውቅም። ከባድ ነገር ሲያልቅልኝ ኮዱ ዳር ላይ በዕብራይስጥ ፊደል «ተመስገን» ብዬ የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ በዚያ ሰሞን ተመስገን በተመስገን አደረግሁት።

ከዚያ ምስጋናዬን መጠበቅ ጀመርኩ። ሮኒት ባጠገቤ ስታልፍ ወንበሬን አቀናለሁ፣ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ምንም የለም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሹካዋን አስቀመጠችና «ከናንተ ውስጥ ዳኒን የሚያውቀው አለ?» አለች። «በየሳምንቱ በሚመጣልኝ የሥራ ዝርዝር ላይ ስሙን አያለሁ። የሀይፋ ሰው መሰለኝ። ኮል ሃካቮድ! ጎበዝ ነው፣ እንዲህ ያለ ሥራ ካየሁ ቆይቻለሁ።»

ዳኒ! በዚህ አገር አውቶቡስ ውስጥ ዳኒ ብለህ ብትጣራ እኩሌታው ሰው ይዞራል። ስሙን ስሰማ ግን ሰላጣው ሬት ሆነብኝ። ከአንዱ ዳኒ ሳልገላገል ሌላ ዳኒ! ምን በድዬ ነው? የሥራ መዝገባችንን ከፍቼ ማንነቱን እንዳላይ፣ በዳኛቸው ማስተካከያ መዝገቡ የሠራተኛ ስም አያሳይም፤ ባለቤቱ ስም ማየት አይወድም መሰለኝ። እኔም ብሆን የሰውዬውን ስም ማየት አላማረኝም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሮኒት ለብቻዬ ጠራችኝ። ፊቷ የሐዘን ቤት ፊት ነው።

«ሰሞኑን ስምህን አላየውም። ደህና ነህ? ቤት ሰላም ነው?»

«እንዴት ስሜን አታዪውም? እንደዘንድሮ ሠርቼ አላውቅም!»

«እሺ፣ እሺ» አለች፤ ለበሽተኛ የሚባለውን እሺ። «አይዞህ። ሁላችንም እንዲህ ያለ ጊዜ አለን።»

በቃ፣ ዳኒ ዓይኗን ጋርዶታል ማለት ነው! ከሱ ሌላ ሰው አይታያትም! ቅናቱ ከሆዴ ተነሥቶ ምላሴ ላይ ወጣ። «ሮኒት፣ ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኳት። «ችኩል ነው። የችኩል ሰው ሥራ ከላይ ያምራል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ሰውም የሚሰማ አይመስለኝም። እንዲህ ላለ ሰው ቡድን አይሰጥም።»

«ታውቀዋለህ?»

«በሥራው አውቀዋለሁ» አልኩ። አንዲት ፊደሉን አላየሁም።

ሮኒት እርሳሷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አሰበች። «ከእጩዎቹ አንዱ እሱ ነው፤ ሌላው አንተ ነበርክ። በል እንግዲያው ሥራውን ልላክልህና መርምረው። ስህተት ካገኘህበት ጽፈህ አምጣልኝ።»

ቤት ገብቼ ለስንዱ ስነግራት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «ያላየኸውን ሰው ነው እንዲህ ያማኸው?»

«ዓይነቱን አውቀዋለሁ።»

«ቅናት ነው የያዘህ።»

«ቅናት አይደለም፣ ፍትሕ ነው።»

«ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው» ብላ ሳህኗን ማጠብ ቀጠለች። ሴት ልጅ ተረት ስትተርት ዝም ብሎ መስማት ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ አካፋዬን ይዤ ተነሥቼ ነበር።

በማግሥቱ መሥሪያ ቤት ሻይ ቀድቼ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ የዳኒን ሥራ ከፈትኩ። እንደዚያ ቀን በሥራዬ ተደስቼ አላውቅም። «ይሄ ደግሞ ስያሜ ተብሎ ነው?» ጻፍኩ። «ይሄን ያህል ተንዛዝቶ ማን ያንብበው?» ጻፍኩ። «ጸሐፊው ለሚቀጥለው ሰው የማያስብ ራስ ወዳድ ነው።» ይሄንንም ጻፍኩ፤ እንደውም አሰመርኩበት። ሻዬን ፉት እያልኩ ወደታች ወረድኩ። ከዚያ ዳር ላይ አንዲት ቃል አየሁ። በዕብራይስጥ ፊደል «ተመስገን» ትላለች።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን መሰላችሁ? ሰውዬው ሐበሻ ነው! ሀይፋ ውስጥ ከኔ የሚበልጥ ሐበሻ አለ! እስካሁን የቀናሁት ምንም አልነበረም፤ አሁን ገና ደሜ ፈላ። ፈረንጅ ቢበልጠኝ ፈረንጅ ነው እላለሁ። ለሐበሻው ምን እላለሁ? እናቴ ብትሰማስ? ይሄኛውንም በየሰንበቱ ልትጠራብኝ ነው!

ትንሽ ወረድ ስል ደግሞ ያቺን የመኪናዋን መፍትሔ አገኘኋት። መስመር በመስመር የኔ ናት። ከነአጻጻፏ፣ ከነግድፈቷ። ሌባ! ሥራዬን ሰርቆ፣ ተመስገኔን ሳይቀር ሰርቆ ይመሰገንበታል! ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ወደ ሮኒት ክፍል ሮጥኩ። በሩን አላንኳኳሁም።

«ይሄ ዳኒ ሌባ ነው! ሥራው ሁሉ የኔ ነው! አምጪው፣ እዚህ አቅርቢው፣ ፊት ለፊት ይናገር!»

ሮኒት መነጽሯን አድርጋ ተየበች፣ ዝርዝሩን አወጣች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። ስሙና የኢሜይል አድራሻው ሙሉውን ተጽፏል። የኔው ዳኛቸው! የሃዳር ጋኒሙ፣ የሊፍቱ፣ የአጎቴ ልጅ ዳኛቸው! ከሥሩ ደግሞ ሥራው የተላከበት ኮምፒዩተር ተጠቅሷል። የኔ ኮምፒዩተር።

ዳኛቸው ጊት ምንም አይረሳም ብሎ አልነበር? የሚያስታውሰው ግን የነገሩትን ስም ነው። ጨርቁን ሳልገልጥ በተቀበልኩት ፋይል ውስጥ፣ ገና መጀመሪያው መስመር ላይ፣ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ተጽፎ ኖሯል። በዚያ ሰሞን የሠራሁትን ሁሉ በዳኛቸው ስም ስመዘግብ ከርሜያለሁ። የቀናሁት በራሴ ነው፤ ያማሁት ራሴን ነው፤ ራስ ወዳድ ብዬ ያሰመርኩበትም እኔ ነኝ።

ሮኒት ሳቀች። መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ጠርጋ ሳቀች። እኔም አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ፣ «እንግዲህ ጎበዙ እኔ ነኛ!» ብዬ። ይሄኔ ሳቋ ቀስ እያለ አለቀ።

«ሥራው ግሩም ነው» አለች። «ያንተ መሆኑንም በማወቄ ደስ ብሎኛል። ቦታውም በሥራህ ይገባህ ነበር።»

«ነበር?»

«ሳታየው ችኩል ነው አልከኝ። ስታየው ደግሞ ይሄን ሁሉ ጻፍክበት። ነገ ቡድንህ ውስጥ ካንተ የሚበልጥ ልጅ ቢመጣ ምን ታደርገዋለህ?»

እውነቱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ከወንበሩ ጋር አንቀው ነበር። ቦታው ከሀይፋ ለመጣ ሰው ተሰጠ። ስሙን አትጠይቁኝ።

ከሥራ ስወጣ ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ በቀጥታ ሃዳር ጋኒም። ሰው ተዋርዶ ሲወጣ የሚወቅሰው ዘመድ ያስፈልገዋል። ሊፍቱ «ፎቅ ስድስት» ሲለኝ «አውቃለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። ዳኛቸው በር ሲከፍትልኝ ሰላም እንኳ ሳልለው «ሰው ስሙን ፋይል ውስጥ ትቶ ለዘመዱ ይሰጣል?» አልኩት።

ዳኛቸው አልደነገጠም። ይሄ ነው የገረመኝ። አስገብቶ አስቀመጠኝና ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ለካ የኛ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር አንድ ሥራ ተፈትሾ ባለፈ ቁጥር ለባለቤቱ አድራሻ መልእክት ይልካል። «ሥራህ ፈተናውን አልፏል፣ ዳኒ።» «ሥራህ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ዳኒ።» ስልኩ ሙሉ የኔ ምስጋና ነው። እኔ ወንበሬን እያቀናሁ ስጠብቀው የከረምኩት ምስጋና እሱ ኪስ ውስጥ ሲጮህ ከርሟል።

«ከመጀመሪያው ታውቃለህ ማለት ነው?»

«አውቃለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

መሬት መሬት አየ። «ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል... ደስ አለኝ። ምን ልበልህ። አለቃ ከሆንኩ ወዲህ ኮድ ጽፌ አላውቅም እኮ። ከስብሰባ ስብሰባ ነው የምውል። ሲመሽ ማስተካከያዎቼን አሳምራለሁ፤ ቀለማቸውን እለውጣለሁ። አንተ የመኪናውን ነገር የፈታህ ዕለት መልእክቷን ደጋግሜ ነው ያነበብኳት። ስሜ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ቀናሁብህ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ዳኛቸው? በኔ? ለካ ኩሽናው እንዲያ የሚያበራው ወጥ ስለማይሠራበት ነው!

«አባቴ ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ?» አለ ቀጥሎ። «ቤቱ በሄድኩ ቁጥር፣ የአክስትህ ልጅ በእጁ ሠርቶ ያድራል፣ አንተ ሰው ስታዝ ነው የምትውል ይለኛል። ሁልጊዜ።»

አጎቴ? እኔን? በየቤቱ እንዲህ የሚባል ነገር ኖሮ አንድ ወሬ አቀባይ ዘመድ እንኳ ይጥፋ? ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታይብኝ ውኃ ለመንኩት። ውኃውን ይዞ ሲመጣ ግን ወዲያው አልተቀመጠም።

«ስሙን ታስተካክለዋለህ አይደል?» አለኝ።

«ሮኒት አንድ በአንድ እንዳርመው ነግራኛለች።»

«አንዷን ብትተዋት...» አለ። «አንዷን ብቻ። ለአባቴ እንዳሳያት።»

አስቡት እንግዲህ። ዕድሜ ልኬን የቀናሁበት ሰው ቆሞ ይለምነኛል። «በሰደር» አልኩት፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረግሁት። ቤቴ ገብቼ ለስንዱ ስነግራት «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለች፤ ለሱ ትበለው ለኔ አልጠየቅኳትም። በማግሥቱ ቁጭ ብዬ ስሞቹን አረምኩ። የመኪናዋን ልስጠው ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። ሌላዋንም አሰብኩ፤ ተመስገን ተጽፎባታል፣ አሳዘነችኝ። በመጨረሻ የተረሳ ነጠላ ሰረዝ የጨመርኩባትን ትንሿን አገኘሁና እሷን ተውኩለት። ቃል ቃል ነው።

በሰንበት እናቴ ቤት ምሳ ተሰበሰብን። አጎቴም ነበሩ፣ ዳኛቸውም ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል። እናቴ ዳቦውን እየቆረሰች ወደኔ ዞረች።

«ሰማህ ወይ? ወንድሜ አሁን ሲነግረኝ ነው። ዳኛቸው እንኳ፣ ያን ሁሉ ኃላፊነት ተሸክሞ፣ ያንተን መሥሪያ ቤት የተበላሸ ሥራ ያቃናላችኋል አሉ። ስሙ ተጽፎ በዓይኑ አይቶታል። ኧረ አመስግነው፣ ልጄ! አፍ የለህም?»

ስንዱ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። አጎቴ አንገታቸውን ቀና አድርገው ልጃቸውን ያያሉ፤ እንዲያ ሲያዩት አይቼ አላውቅም። ዳኛቸው ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ጆሮው ቀልቷል። እናቴ ዳቦዬን እጇ ላይ እንደያዘች ትጠብቀኛለች።

«እግዜር ይስጥልን፣ ዳኛቸው» አልኩ።

ዳቦዬን ሰጠችኝ።